የዘገየው ማዞሪያ

ሁለቱ እህትማማቾች ሙዚቃ የተማሩት በአንድ አሮጌ ኪቦርድ ላይ ነው። ታላቅየዋ ቀድማ ተማረችና ታናሿን ጣቷን ይዛ አስተማረቻት። አሁን ታላቅየዋ ከአንድ ባንድ ጋር በሆቴል አዳራሽ ትጫወታለች፤ ታናሽየዋ ደግሞ ስቱዲዮ ገብታ ዘፋኙ ሁሉ "እሷን ካላገኘሁ" ይላል። ድሮ "የእገሊት እህት" የምትባለው ታናሽየዋ ነበረች። አሁን ነገሩ ዞሮ ታላቅየዋ ላይ መጣ፤ ይቺ ነገር አንጀቷን ትበላታለች።

ታናሽየዋ የሙዚቃ መሣሪያ ማዘዣ የሆነ ባለ ማዞሪያ የሚዲ ሳጥን መግዛቷን በሰማች በሳምንቱ ታላቅየዋም ገዛች። ሳጥኑ ትእዛዙን በኮምፒውተር በኩል ድምፅ ወደሚያወጣው ኪቦርድ፣ ወደ ሲንተሳይዘሩ ይልካል፤ ማዞሪያው ሲዞር የታፈነው ድምፅ ይከፈታል። የእሷ ግን እጇ ካቆመ በኋላ ነበር የሚከፈተው።

የባንዱ መሪ የሆነው ድራመሩ ልምምድ ላይ ዱላውን አስቀመጠ።

"እኛ ጨርሰን ቤታችን ስንገባ ያንቺ ድምፅ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። እህትሽ ጋ እኮ እንዲህ አይልም!"

ጥርሷን ነክሳ ቤቷ ገባች። ገመድ ቀየረች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ኮምፒውተሩ ላይ ድምፅ ያዘገያል የተባለውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብታደርገው ድምፁ ይንጣጣ ጀመር እንጂ ማዞሪያው አልፈጠነም። ሦስት ቀን ታገለች። እህቷን መጠየቅ ግን ሞቷ ነው። "አውቃ ደብቃኝ ነው" አለች በሆዷ፤ ምኑን እንደደበቀቻት ግን አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ታናሽየዋ የተዋሰችውን ጃኬት ልትመልስ መጣች። ክፍሉ በገመድ ተሞልቷል።

"እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ ዓይን ያቀላል?" ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። "የኪቦርዱን ቁልፎች ስትመቺስ ይዘገያል?"

ታላቅየዋ አንዱን መታች። ድምፁ እዚያው ወጣ። ይህን ለማየት እንኳ አላሰበችም ነበር።

"እንግዲያው ድምፁ ደህና ነው። መንገድ ላይ የተጨናነቀው የማዞሪያው ትእዛዝ ነው።" ከሲንተሳይዘሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰውን ገመድ ነቀለች። "አሁን አዙሪው።"

ድምፁ ከእጇ እኩል ተከፈተ። ለካ ሲንተሳይዘሩ የደረሰውን ትእዛዝ ሁሉ ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ መልሶ ይልክለታል፤ አንዱ መቶ እየሆነ መንገዱን ይዘጋዋል።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ሌላ ነው፤ እሷ ሦስት ቀን የታገለችውን ይቺ ቁጭ ብድግ ሳትል ጨረሰችው!

በማግስቱ ታናሽየዋ ልምምዱን ልትሰማ መጣች። ማዞሪያው ልክ በሰዓቱ ሠራ።

"ጉድ ነው! ማን ሠራልሽ?" አለ ድራመሩ።

"ራሴ።"

ታናሽየዋ በሩ ጋ ቆማ ሰምታ ዝም አለች። ያ ዝምታ ለታላቅየዋ ከስድብ ባሰባት። ውጭ ሲወጡ አላስቻላትም።

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ምን ብዬ? ደግሞ ለአንድ ገመድ!"

"ቀንቼብሽ ነው" አለች ታላቅየዋ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

"እኔስ ስንት ዓመት ቀንቼብሻለሁ! አንቺ ስትጫወቺ እኔ የኖታ ወረቀት ገላጭ አልነበርኩም?"

ታላቅየዋ ሳቋ መጣ። ተመልሳ ገባችና ለድራመሩ "የሠራችው እህቴ ናት፤ ዋሽቼህ ነው" አለችው።

"በይ እንግዲያው ባንዱ ውስጥ ትግባልን!" አለ በደስታ።

ቅናቷ እንደገና ቆነጠጣት። "ውጭ ናት፤ ራስህ ጠይቃት" ብላው ኪቦርዷን ልትሸፍን ሄደች።