ማለዳ የመጡት ሰዎች

ትርሓስ ዮጋ የምታስተምረው ቦሌ ቡልቡላ፣ ከቤቷ ጓሮ ነው። ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ዘመን የተረፈ አንድ ግራር አለ፤ ጎህ ሲቀድ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ወሬ የለም። «ዛፉ የተነፈሰውን እኛ እንስባለን፣ እኛ የተነፈስነውን እሱ። አፈሩም እኛም አንድ ነን» ትላቸዋለች። መገናኛ ሱቅ ያለው የወሎው ሐሩን፣ ሐኪም ለወገቡ ልኮት ነው የመጣው፤ «አንድነቱ ይቆየኝ፣ ወገቤን ብቻ አድኚልኝ» እያለ ያሾፍባታል። ትስቃለች፣ ለይምሰል።

ጉዱማ ሌላ ነው። ወንድሟ አረጋዊ በጦርነቱ እንደወጣ ቀርቷል። ዘመዱ ሁሉ «የት እንደገባ አይታወቅም» ይላል፤ እሷ ግን ታውቃለች። አብሮት የነበረ ልጅ፣ አትላስ ሰፈር አንድ ካፌ ጠርቶ ነግሯታል፤ ከዛፍ ሥር ቀበርነው፣ ምልክት የለውም ብሎ። ከዚያ ወዲህ ግንባሯን ሣሩ ላይ ባሳረፈች ቁጥር ከታች የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስላታል። አፈሩ አንድ ነው ብላ ያስተማረች ራሷ ናት፤ ማንን ትውቀስ? እናቷ ልባቸው ደካማ ነውና መርዶውን ዛሬ ነገ ስትል ጊዜው ነጎደ።

እኚሁ እናት ለሕክምና ከአገር ቤት መጡ። ማታ ገቡ፣ ተኙ። ትርሓስም ስለ ጠዋቱ ትምህርት ሳትነግራቸው ቀረች፤ እንዴት ይረሳል በሉ!

ጎህ ሲቀድ እናት የጓሮውን በር ከፈቱት። ሃያ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ገሚሱ ብርዱን ፈርቶ ነጠላ ተከናንቧል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። በእሳቸው አገር ሰው በማለዳ እንዲህ ተሰብስቦ ደጅ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው።

«አረጋዊ! ወዮ ልጄ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ትርሓስ ዘላ ተነሳች። «አደይ፣ ስፖርት ነው እኮ!» ብትላቸው በቃ፣ ነገሩ ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። ግን እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ።

ቀድሞ የተነሳው ሐሩን ነው። ምንም ሳይጠይቅ ወገቡን ይዞ ሄደና አጠገባቸው ተቀመጠ። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት፣ እናቴ» አላቸው። የቀሩትም ምንጣፋቸውን እየተዉ መጥተው ከበቧቸው።

እናት አልቅሰው አልቅሰው ቀና አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጓለይ፣ መቼ ነው የሰማሽው?»

«አምና በሰኔ፣ አደይ።»

«ታዲያ ትናንት ማታ፣ ሲመጣ ይልበሰው ብዬ ሹራቡን ስሰጥሽ ለምን ተቀበልሽኝ?»