አክተሩ መንዳት አይችልም

አባቴ ፊልሙ መውጣቱን የሰማው በራችን ላይ ከሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ነው። «ሽማግሌው ተመለሰ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጆሮው የሰፈራችንን የሳቢያንን ወሬ በሙሉ ስለሚለቅም ወደ እኔ ዞሮ «የትኛው ሽማግሌ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። በልጅነቴ አንድም ክፍል ሳያመልጠን ያየነው፣ አለቀ ደቀቀ ከተባለ ስንት ዘመን የሆነው የጀብዱ ፊልም አዲስ ክፍል ወጥቶለታል፤ ቅዳሜ ኳስ በሚያሳዩበት አዳራሽ ይታያል። ፊቱ በራ።

«ደውይለታ!» አለኝ። «ለሾፌሬ ደውይለት!»

ሾፌሩ ከሞተ ሳምንት አልፎት ነበር፤ አባቴ ግን አያውቅም።

ሾፌር የምንለው ሰው እውነተኛ ሾፌር አልነበረም። አባቴ በድሮው ምድር ባቡር ባቡር ነጂ ሳለ እሱ ረዳቱ ነበር። ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ ሲመላለሱ አብረው ሸበቱ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚያው ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ የጠፋ ነገር ፍለጋ ከበረሃ በረሃ የሚዞር አንድ ቀጭን አክተር አለ፤ አሮጌ የጭነት መኪና የሚነዳለት አንድ ወፍራም ሾፌርም አለ። አክተሩ የማይችለው ነገር የለም። ይዋኛል፣ ገደል ይወጣል፣ በየአገሩ ቋንቋ ይሳደባል። መኪና መንዳት ግን አይችልም። በየክፍሉ አንዴ መሪውን ይይዝና ማርሹን ያስጮኸዋል፤ ሾፌሩም ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፍኖ «ውረድ ከመኪናዬ!» ይለዋል። ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። አባቴ ቀጭን፣ ረዳቱ ወፍራም፤ ድሬ ስም ለማውጣት ከዚህ በላይ ሰበብ አትፈልግም። አባቴ ያን ሁሉ ፉርጎ እየጎተተ በረሃውን ሲያቋርጥ ኖሮ መኪና መንዳት አለማወቁ ደግሞ ለወዳጁ የዘላለም መሳቂያ ሆነለት። «ባቡሩን የሚነዳው ሃዲዱ ነው፤ አንተ ፊሽካ ነው የምትነፋው» ይለው ነበር።

ሲኒማ የምንገባው ሦስታችን ነበርን። ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ነው፤ ሙቀቱ ሲበርድ ነበር የሚከፈተው። ፊልሙ የሚናገረው በፈረንሳይኛ ስለነበር አባቴ በባቡር ሥራ በለመደው ቋንቋ እየተረጎመ በቀኝ ጆሮዬ ያንሾካሹክልኛል። በግራዬ ሾፌሩ ተቀምጦ «አላለም! ውሸቱን ነው!» እያለ ያርመዋል። ከእነሱ መሃል ተቀምጬ ሁለት ፊልም ነበር የማየው። ዛሬም ያ ፊልም ሲነሳ ትዝ የሚለኝ የእነዚህ የሁለቱ ጭቅጭቅ ነው፤ አክተሩ ምን ፈልጎ እንደነበር እንኳ በቅጡ አላስታውስም።

ባቡሩ ከቆመ በኋላ ሾፌሩ ጅቡቲ ወደምትኖር ልጁ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ይደውል ነበር። የሚያወሩት ቁም ነገር የለውም፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ጉልበት፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። ስልኩን የማነሳለትም የምደውልለትም እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ አይታየውማ። ልጅቱ «አባዬን ዛሬ ቀበርነው» ብላ እያለቀሰች ስትነግረኝም ስልኩ በእጄ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ከግቢ ወጥቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

አባቴ ስኳር አለበት። ዓይኑን የጋረደው ሞራ ሊገፈፍለት ቀጠሮ ይዟል፤ ሐኪሙ ግን ስኳሩ ሳይወርድ አልነካውም ብሏል፤ አታስደንግጡትም ብሎናል። ስለዚህ ጓደኞቹን አማከርኩ። ሁለት ቀርተውታል፤ አንደኛው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሌላው የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ሶማሌ። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል። «ዓይኑ ይዳን፣ ከዚያ በወጉ እንነግረዋለን» ብለው ወሰኑ። እኔም እሺ አልኩ።

ውሳኔው ለእነሱ ቀላል ነበር፤ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። «ደውይለት» የምባለው እኔ ነኝ።

«ኔትወርክ የለም አባ።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«ጅቡቲ ኔትወርክ ጠፋ? ባሕሩ ደረቀ በይኝ እንጂ!» ይልና ይስቃል። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ጉምሩክ የሰው ዕቃ ሳስፈጽም ስውል እንኳ፣ ማታ ምን ብዬ እንደምዋሽ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ፊልሙን እንሂድ ስለው እምቢ አለ። «ጨለማ ይዤ ጨለማ ውስጥ ምን ላደርግ እገባለሁ? አንቺ እይልኝና ንገሪኝ። ድሮ እኔ ነግሬሽ የለ?» አለኝ። ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወጣቱ ለሳቅ፣ ሽማግሌው ለትዝታ መጥቷል። መብራቱ ጠፋ፤ የመጀመሪያው ምስል መቃብር ነበር። አክተሩ ነጭ ሽበት ብቻ ሆኖ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሟል። ሾፌሩ ሞቷል። ሾፌሩን ሆኖ ይሠራ የነበረው ሰውዬ በእውኑም ከሞተ ቆይቷል አሉ፤ እኛ ይህን ከየት እንወቅ? ልብስ ሰፊው ክንዴን ያዘኝ። ነጋዴው ክፉ ሲሰማ እንደሚለው «ላ ሐውለ» አለ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን እያየሁ አላየሁም፤ አባቴ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

መጨረሻው ላይ አክተሩ ያንን አሮጌ መኪና ከተቀመጠበት አውጥቶ ራሱ መንዳት ነበረበት። ማርሹ ሲጮህ ወጣቶቹ በሳቅ አውካኩ። ነጋዴው ተነስቶ «ዝም በሉ! ወላሂ ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። የእሱን ፊት በፊልሙ ብርሃን ሲያዩት ዝም አሉ።

በር ላይ ሰው እንደ ኳስ ተንታኝ ሆነ። «አቦ አጃጃሉን!» ይላል አንዱ ባለ ባጃጅ። «አንድ ደረጃ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ያርፋል። ጠላቶቹ እኮ ቆመው እየጠበቁት ነው!» አንዲት ተማሪ የምትመስል ልጅ ተቆጥታለች። «ምነው በድሮው ቢተዉት? የአባቴን ፊልም አበላሹበት!» በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴት በመጋረጃው ቀዳዳ አሾልቃ አይታ ኖሮ «እኔስ የወደድኩለት ማለክለኩን ነው» አለች። «ድሮ ሲሮጥ ሰው አይመስለኝም ነበር።» ልብስ ሰፊው በበኩሉ ሱሪው ነው የከነከነው። «በጉልምስናው የለበሰውን ነው ያለበሱት፤ ሰፍቶታል፣ ይወልቃል። ሰው ሲያረጅ ልኩ ይቀንሳል፤ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንዴት የሚለካው ይጥፋ?» አለና ድምፁ ተሰበረ። ነገሩ የሱሪ እንዳልሆነ ገባኝ።

መንገድ ላይ ተማከርን። ሾፌሩ ሞቷል ብንለው ያን ጊዜውኑ የራሱንም ሾፌር ሞት ይጠረጥራል። «አለ እንበለው» አለ ነጋዴው። «በፊልም ምን አለበት? አክተር አይሞትም ይባል የለ፣ ሾፌርም አይሞትም እንላለን።» ሁላችንም ተስማማን፤ ምን እንደምንል ግን ሳንነጋገር ተለያየን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ውሸት እንኳ በቅጡ መዘጋጀት አቃተን።

እሑድ ከምሳ በኋላ እንደ ወጉ ለበርጫ መጡ። አባቴ ጫቱን ለወጉ ያህል ነው የሚይዘው፤ ጨዋታውን ነው የሚፈልገው። ትራሱን ተደግፎ «እሺ፣ ሾፌሩ እንዴት ነው?» አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነበር።

«አለ!» አልን ሦስታችንም ባንዴ።

«ወፍሯል ወይስ ከስቷል?»

«ወፍሯል» አለ ልብስ ሰፊው። «ከስቷል» አልኩ እኔ። ነጋዴው ሊያስታርቀን «ወፍሮ ነበር፣ ከስቷል» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን። ልብስ ሰፊው ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ወንዝ ሲሻገር አየሁ አለ። ነጋዴው መኪናው ገና በመጀመሪያው ተቃጠለ አለ። እኔ የሁለቱን ላቃና ብዬ ሌላ መኪና ገዙ አልኩ። «ሾፌሩ ምን አለ?» ሲለን የሌለ ቀልድ ፈጠርንለት፤ በራሳችን ቀልድም ከልክ በላይ ጮክ ብለን ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። እያንዳንዳችንን ወደ ድምፃችን እየዞረ አዳመጠና «አላህ ይስጣችሁ፣ ደከማችሁልኝ» አለ።

ሸኝቻቸው በሩን ዘግቼ ተመለስኩ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደርሶ ነበር።

«ነይ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ሾፌሩ ሞቷል።»

«የፊልሙ?» አልኩ። ፈርቼ ነው።

«ተይ እንጂ ልጄ።»

እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«ያ ሰውዬ ጁምዓ ሳይደውል የሚቀረው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ እሱ ሞቶ፣ ወይ እኔ ሞቼ። እኔ አለሁ። በዚያ ላይ እነዚህ ሁለቱ ሰሞኑን ደግ ሆነውብኛል። ልብስ ሰፊው ሳይሰድበኝ ሲሄድ፣ የሆነ ነገር አለ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እናንተ ለእኔ ተጨነቃችሁ፤ እኔ ደግሞ ለእናንተ። ‹ኔትወርክ የለም› ስትይ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ግን ደከመኝ። ሌሊት እንዳትሰሚኝ ትራሴን እየነከስኩ ነው የማለቅሰው። ሰው የሞተበት ሰው ለብቻው ያለቅሳል? አንድ ሰው እንኳ አላህ ያጽናህ አላለኝም እኮ።»

እኔ በወዲያኛው ክፍል፣ እሱ በወዲህኛው፣ ለአንድ ሰው ተደባብቀን ስናለቅስ መክረማችንን ያን ጊዜ አወቅሁ። ስኳሩን ፈርተን፣ ሐዘንተኛን ያለ አጽናኝ አስቀመጥነው። በአገራችን ለጠላት እንኳ ይህ አይደረግም።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «ነገ መጥተው መርዶዬን ይንገሩኝ። በወጉ ላልቅስለት።»

በማግስቱ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ተስተካክሎ ተቀምጦ ጠበቃቸው። አፉ ለወሬ የማይሰንፈው ነጋዴ ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል። አባቴ ነው የረዳው። «በል አቦ፣ ንገረኝ» አለው። ነገረው። አባቴ የወንድሙን ያህል ጮኸ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከእነዚያ ሞራ ከጋረዳቸው ዓይኖች ያ ሁሉ እንባ መውጣቱን አይቼ ደነገጥኩ።

ድንኳን ተጣለ፤ ለሐዘኑ ተዕዚያ ተቀመጥን። የቀሩት የምድር ባቡር ሰዎች እየተደጋገፉ መጡ። ከድንኳኑ ጥግ ወጣቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሁንም ስለ ፊልሙ ይከራከራሉ፤ «ዘግይቶ መጣ፣ በጊዜው ቢሠሩት ጥሩ ነበር» አለ አንዱ። አባቴ ሰማው። «እሱስ አልዘገየም» አለ። «ሾፌሩ ነው የቸኮለው።» ልጁ አፍሮ አቀረቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ስንቀር «በይ አሁን ፊልሙን ንገሪኝ» አለኝ። «የእናንተን አይደለም፤ የእነሱን።»

በቀኝ ጆሮው በኩል ተጠግቼ ከመቃብሩ ጀመርኩ። ምንም አልደበቅኩም። ሽበቱን፣ የሰፋውን ሱሪ፣ ደረጃው ላይ ማረፉን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መኪናው ዘንድ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ራሱ ነዳው?»

«ራሱ።»

«ማርሹን አስጮኸው?»

«አስጮኸው አባ። ከዚያ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሆኖ ብዙ ቆየ።»

«ውረድ ያለው የለም?»

«የለም።»

አባቴ ሁለት እጁን ቀስ ብሎ አንስቶ ጆሮዎቹን ደፈነ፤ ልጅ ሆኜ በግራዬ እሰማው በነበረው በዚያ በወፍራሙ ሰውዬ ድምፅ «ውረድ ከመኪናዬ!» አለ።

እጁን ከጆሮው ላይ አወረድኩለት፤ አብረን አለቀስን።