ለዶሮዎቼ ዳኛ ጠፋ

ደንብ አስከባሪዎቹ ሸጎሌ ያለውን የዶሮ ቤቴን ሲያሽጉ ዶሮዎቹ ውስጥ ነበሩ። «ፍሳሽ ወደ ቦይ ለቀሃል» ብለው ቀጡኝ፤ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ። «ዶሮዎቹስ?» ብላቸው፣ «እሽጉን የነካ ወንጀለኛ ነው» አሉኝና ሄዱ። ፋሲካ ደርሷል። የእኔና የባለቤቴ የዓመት ልፋት እዚያ ውስጥ ይንጫጫል።

ከሰስኩ። የሥር ፍርድ ቤቱ እርምጃው ልክ ነው አለ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ውሳኔው ግርጌ «ይግባኝ መብት ነው» ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ ደጋግሜ አነበብኩት። የት እንደሆነ ግን አልጻፉም።

የከተማው ይግባኝ ሰሚ ሄድኩ። መዝገብ የምትቀበለው ልጅ ወረቀቴን አገላበጠችና፣ «አባባ፣ እኛ ሥልጣን የለንም፤ ማዶ ይሂዱ» አለችኝ። ማዶ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ፣ «የከተማ ደንብ አይደል? ከተማው ይየው» ብሎ መለሰኝ። ተመለስኩ።

«አሁንም መጡ?» አለች ልጅቱ።

«ዶሮ እየሞተብኝ ነው፣ ልጄ።»

«የዶሮ ከሆነማ ግብርና ይሂዱ» አለ ከኋላዋ የተቀመጠው። ተሳሳቁ። ደመወዝ የሚበሉት እኔን ለመስማት መስሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሆዷ ተኝታ፣ በታሸገው በር ሥር ፉርሽካ በመጥረጊያ እንጨት ትገፋለች። ውሃ በቆርቆሮው ስንጥቅ በጎማ እናፈስሳለን፤ ማን ጠጣ፣ ማን አልጠጣ አናይም። ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «ስማ፣ አውራ ዶሮህ ሲጮህ ነው ያደረው። ለይግባኙ እሱ ይሻልሃል» አለኝ። አልሳቅኩም። ሽታው ጀምሮ ነበር።

አንድ ጠዋት አውራው ዝም አለ። ወደ በሩ ሄድኩ።

«ተው፣ ያስሩሃል» አለች ባለቤቴ።

«በየትኛው ሥልጣን?»

ወረቀቱን ቀደድኩት። በሕይወት ያሉት በሞቱት ላይ ቆመው ነበር። አውራው በሩ ሥር፣ ፉርሽካው ላይ ተዘርግቷል።

ደንብ አስከባሪዎቹ ሳይረፍድ መጡ። እሽግ ቀዳጅ ተብዬ ዳኛ ፊት ቀረብኩ። «ጌታዬ፣ እርስዎስ ሥልጣን አለዎት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ይሄማ ግልጽ ነው፣ አባት» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

ጥፋተኛ ተባልኩ። ውሳኔውን እንደ ልማዴ በጣቴ ተከትዬ እስከ ግርጌው አነበብኩት። ይግባኝ መብት ነው ይላል። የት እንደሆነ ዛሬም አልጻፉም።