የክረምቱ ካልሲ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የኛ ሰፈር ጉድ በየዓመቱ ያው ነው፤ ካልሲ።

አባቴ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ላይ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ገበያተኛውንም ተማሪውንም የሚያሻግሩት እሱና ስምንት ጓደኞቹ ናቸው። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ከሰኔ እስከ ጳጉሜ በየቦቲያቸው ውስጥ አንዳንድ ጥንድ ካልሲ ብቻ ያደርጋሉ። አያጥቡትም፤ ካልሲ ከታጠበ ወንዙ ይሞላል ባዮች ናቸው። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል ዳር ላይ እሳት አንድደው ያቃጥሉታል፤ ፀደይን የሚቀበሉት እንዲህ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ከማቃጠሉ በፊት አለቃቸው፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ እያንዳንዱን ካልሲ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸታሉ። ክረምት ክረምት የሸተተ ሰው ለከርሞ ጀልባው ላይ ቦታው ይጸናለታል፤ ያልሸተተ አልቀዘፈም። ከዚያ በዚያው ጭስ ሥር ቁጭ ብለው ክትፎ በቆጮ ይበላሉ። እኔ እዚያ አንድ ጉርሻ ተቀብዬ አላውቅም።

ዘንድሮ አባቴ ጳጉሜ ላይ አዳልጦት እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው ቀና ብለህ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ካልሲዬን አድርሺልኝ» አለኝ። «ቦታዬ ለሌላ ከተሰጠ ለምን ብዬ ነው ከዚህ አልጋ የምነሳው?»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለው ጀልባው ብቻ ነው። እሺ አልኩት።

ካልሲውን ከአልጋ ሥር በእንጨት ጎትቼ አወጣሁት። ደርቆ ብቻውን ይቆማል፤ ጣቱ ጋ አንዳች ነገር በቅሎበታል። ይህን ይዤ ባጃጅ ልሳፈር ነው? መቼም የታመመ ሰው ካልሲ ለማሽተት አለቃውን ይሉኝታ ይይዛቸዋል ብዬ፣ በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ሁለቴ አጠብኩት። ለአባቴ አልነገርኩትም።

ወንዙ ዳር አለቃው ካልሲውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ቆዩ። ደገሙት።

«ልጄ፣ ይሄ የሱቅ ነው።»

«የአባዬ ነው ጋሼ! እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«አጠብሽው?»

ስምንቱም ዞረው አዩኝ። ሰው የገደልኩ መሰለኝ።

«እዚህ ካልሲ ላይ አባትሽ የለም» አሉ አለቃው። «ወግ ነው፣ እኔ አላፈርሰውም። እሱን እሱን የሚሸት ሌላ ነገር ካለሽ ግን እሳቱ እስኪከስም እንጠብቅሻለን።»

ተመልሼ ቤት ስገባ አባቴ ተኝቷል። ከበሩ ጀርባ ቦቲው አለ። ስለሚሰፋው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወትፍበት እንደነበር ትዝ አለኝና እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። እርጥብ ነው። ደግሞ ይሞቃል። የሚያሙለጨልጭ ነገር ጣቶቼ መሐል ገባ። መንጭቄ ሳወጣው ደጅ ሮጬ አስመለስኩ። ፌስታል አልፈለግሁም፤ እጄ እንደሆን አንዴ አልቆለታል። የባጃጁ ሹፌር መንገዱን ሙሉ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ነዳ።

አለቃው ጨርቁን አሸተቱና ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«እሱ ነው» አሉ። «ራሱ ነው!»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጨርቁን እሳቱ ላይ ጣልኩት፤ የጭሱን ክፋት እግዜር ያሳያችሁ። በዚያ ላይ ክትፎ ሊያጎርሱኝ መጡ። ኤጭ!

ወንዙ እግሬ ሥር ነበር፤ ለእጄ ብዬ ከቤት ሳሙናም ይዣለሁ። ግን አልታጠብኩም። አባቴ በወሬ የሚያምን ሰው አይደለም።

ቤት ስደርስ ነቅቷል። እጄን አፍንጫው ላይ አስጠጋሁለት። ጨርቁንም ጭሱንም አሸተተ።

«በይ ቀና አድርጊኝ» አለኝ።

በዚያው እጄ ደግፌ አስቀመጥኩት።