ተረት ሳይመለስ አይወሰድም

እኔ ሞላሌ አስተምራለሁ፤ የአባቴ እህት ቤታቸው ወደ ላይ፣ ጓሳ አፋፍ ላይ ነው። ስለ አንድ ጀርመናዊ ተረት ሰብሳቢ ካነበብኩ ወዲህ የአገሬን ተረት በስልኬ የመቅዳት አባዜ ያዘኝ። ሰውየው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከሴቶች አፍ የሰማውን እየጻፈ ነው ስሙ በዓለም የታወቀው። እኔንስ ማን ከለከለኝ ብዬ አክስቴ ዘንድ ወጣሁ።

አክስቴ ገብሱ በውርጭ ባለቀበት ክፉ ዓመት፣ ሴት ልጃቸውን ወደ ቆላ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሰጥተዋል። እህል የምታገኝበት ትድረስ ብለው ነው። ልጅቷ ግን በዚያው ቀረች፤ ወሬዋም የለ። ቤተሰቡ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው፤ እሳቸው ፊት ስሟን የሚያነሳ የለም።

የሄድኩ ቀን ጉም ወርዶ ደጁ አይታይም ነበር። አክስቴ የበግ ጠጉር እየፈተሉ የጅብና የአህያ ተረት አወሩልኝ፤ ቀዳሁት። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሺ፣ አፌን በዳቦ አብሺ» አሉ። አመስግኜ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ወዴት ነው? መልሺ እንጂ! የኔን ተረት ይዘሽ ውልቅ? ሞኝሽን ፈልጊ!»

አንድም የአገር ተረት አይመጣልኝ! የመጣልኝ የጀርመኑ ነው። እዳው ገብስ ነው ብዬ ጀመርኩ። ረሃብ ገባ፤ እንጨት ቆራጭና ሚስቱ የሚያበሉት ቢያጡ ሁለት ልጆቻቸውን ጫካ ወስደው ጣሉ። እዚህ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ምላሴን በቆረጠው! ለማን ነው የማወራው?

ቶሎ ብዬ «የእንጀራ እናት ናት እንጂ እናታቸው አይደለችም» አልኩ።

«ተረቱ እንዲያ ነው?»

ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ሰብሳቢው መጀመሪያ እናት ብሎ ጽፎ፣ ኋላ የእንጀራ እናት እንዳደረጋት ነገርኳቸው።

«ምነው ቀየረው?»

«እናት እንዲህ ታደርጋለች ማለት ከብዶት ይሆናላ።»

«አይ፣ ረሃብን አያውቀው! እናት ናት በዪ። ልጆቹስ?»

«ተመለሱ፣ እትዬ። ደህና ተመለሱ።»

«እናቲቱስ?»

«ሞታ ቆየቻቸው» አልኩ።

«የለም! ደጅ ቆማ ነው የቆየቻቸው። እሱ ከቀየረ እኛ ምን አነሰን? ድገሚው።»

ደገምኩት። እናቲቱን ደጅ አቆምኳት፤ ልጆቿ በጉሙ ውስጥ ሲመጡ በእርምጃቸው ለየቻቸው አልኩ። ጀርመን አገር እንዲህ ያለ ጉም ይኑር አይኑር እንጃ። ስጨርስ እንደ ልማዱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አልኩ።

እንዲህ ይባላል እንጂ ዳቦውን የሚያመጣ አይቼ አላውቅም። አክስቴ ግን ተነስተው ከሌማቱ የገብስ ዳቦ ቆረሱ። በእሱም አፌን አበሱልኝ። ከዚያም በልጃቸው ስም ጠሩኝ።

«አቤት፣ እማዬ» አልኳቸው።