እግሯን የታጠበች መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰብለ መኪናዋን ልታሳጥብ ስትወጣ "አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ ከምትነጫነጭ ና ንፋስ ይንካህ" ብላ የደሴን ቁልቁለት ይዛኝ ወረደች። ላቫጆው ደርሰን ሞተሩ ገና ከመጥፋቱ አንዱ አጣቢ የውኃውን ቱቦ ይዞ ወደ ፊተኛው ጎማ ሲጠጋ አየሁት። በሩን በርግጄ ወረድኩ። በዚህ በእርጅናዬ እንዴት እንደወረድኩ እኔም አላውቅም።

"ተው! ኧረ ተው አንተ ሰው! ጎማው ጋ እንዳትረጭ! አሁን ከቁልቁለት መውረዷ ነው፤ መጀመሪያ ትብረድ!"

"አባባ፣ ውኃ እኮ ነው፤ ቤንዚን መሰለዎት እንዴ?" አለኝ። ጓደኞቹ ከት ብለው ሳቁ። ሰብለ አንገቷን ደፍታ ስልኳ ውስጥ ገባች። ይሳቁ። እኔ ከጎማው አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሜ አላስነካም አልኩ። እንደቆምኩም ሐሳቤ ከላቫጆው ሳሙናና አረፋ ጥሎኝ ሄደ፤ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ቁልቁል ቆላው፣ ከዋርካው ሥር፣ እትዬ ከድጃ ዘንድ።

ያ ክፉ ዘመን ነበር። ዝናብ ወሎን ከድቶ፣ ሰው ከብቱንም ዘሩንም በልቶ የጨረሰበት፣ አዲስ አበባ በአድማ የምትታመስበት፣ ንጉሡ ዛሬ ወረዱ ነገ ወረዱ የሚባልበት ጊዜ። እኔ ያን ጊዜ ፀጉሬን ያጎፈርኩ፣ ሸሚዜን እስከ ደረቴ የምከፍት ጎረምሳ ሹፌር ነበርኩ። የምነዳት ፒካፕ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ንብረት ነበረች። ቄሱም ሼሁም አስተማሪውም ያሉበት የከተማው ኮሚቴ ለቆላው ሰው እህል ማዋጣት ሲጀምር፣ ሐጂ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው "ነዳጅ እናንተ፣ መኪና እኔ" አሉና ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ቁልፉ እኔ እጅ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝ ኩራት! ቢሾሙኝም እንደዚያ አልሆን።

ሥራዬ እህል ጭኖ ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ቆላው መውረድ ነበር። መንገድ ከተባለ መንገድ ነው፤ ሕዝቡ በዶማ የጠረበው፣ መኪና የሚያሳልፈው በበጋ ብቻ። ከላይ ስነሣ ጋቢ ደርቤ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው። ገደሉን እየተጠማዘዝኩ ስወርድ ጋቢው ይወልቃል፣ ከዚያ ኮቱ፤ ታች ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ከግርጌው ነጭ ድንጋይ ብቻ የቀረው ደረቅ ወንዝ አለ። እሱን ከተሻገርኩ ዋርካው፣ ከዋርካው ሥር ደግሞ የሚጠብቀኝ ሕዝብ። ስለ ሕዝቡ መልክ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። ያየ ያውቀዋል።

ታዲያ ያቺ ፒካፕ አንድ አመል አወጣች። ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ፔዳሉም እግሬን መልሶ መላልሶ ይገፋዋል። የፊት ፍሬኗ የሚሠራው በዲስክ ነበር፤ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር፣ ሰፋ ያለ ሰሐን የሚያህል ክብ ብረት። ያን ጊዜ አብዛኞቹ መኪኖች ፍሬናቸው ባለ ታምቡር፣ እንደ ከበሮ የተከደነ፣ ስለነበር ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው። ደሴ ወስጄ ሸዋ በር አካባቢ ጋራዥ ላለው ለጋሽ ፍስሐ አሳየሁት። ጋሽ ፍስሐ ከጣሊያኖች ሥር ሠርቶ ያደገ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ሰው ካልሰደበ ሥራ የማይሠራለት መካኒክ ነው።

"ጎብጧል" አለ ዲስኩን በጣቱ እየዳበሰ። "አንተ ፍሬን ላይ ተኝተህ ነው የምትወርደው።"

"እኔ? እኔ በማርሽ ነው የምወርደው!"

"ዝም በል! ብረት አይዋሽም፤ ሹፌር ነው የሚዋሽ።"

ቶርኖ፣ የብረት መላጫው ማሽን ላይ ጭኖ ላጨልኝና ቀጥ አለ። ተመለስኩ። ጥቂት ጊዜ እንደወረድኩ መሪው እንደገና ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንደገና ደሴ፣ እንደገና ስድብ፣ እንደገና ቶርኖ። በቀረሁ ቁጥር ከዋርካው ሥር ሰው ዓይኑን ዳገቱ ላይ ሰክቶ እንደሚውል አውቃለሁ። መኪና አጥቶ እህሉ በአህያ ሲወርድ ደግሞ አህያውም እንደ ሰው ተርቦ መንገድ ላይ ይወድቃል። ይህን እያሰብኩ ጋራዥ በር ላይ ስቀመጥ ደሜ ይፈላል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ለቆላው ገበሬ የጤፍና የማሽላ ዘር ተገኝቶ መካነ ሰላም መጋዘን ገባ። ሰማዩም መደመን ጀመረ። ዝናቡ ከጣለ ደረቁ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። ዘሩ ከዚያ በፊት ካልወረደ የሚቀጥለውም ዓመት ረሀብ ነው ማለት ነው። ይሄኔ ዲስኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጎበጠ።

ጋሽ ፍስሐ ላጨው፣ ለካው፣ ሲጋራውን ጣለ። "ከእንግዲህ አይላጭም። ወረቀት ሆኗል። አዲስ ዲስክ ደሴ የለም። አዲስ አበባም ልኬ መልስ የለም።" መፍቻዎቹንም በጆንያ መክተት ጀመረ። "እኔው አብሬህ እወርዳለሁ። ዓይኔን ካንተ እግር ላይ አላነሣም። ፍሬን ላይ ስትተኛ ብይዝህ ግን ከገደሉ እወረውርሃለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ንጽሕናዬ ይታይልኛላ! በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ገባን፤ በማግስቱም የወትሮውን እህል ጥቂት ጭነን ለሙከራ ወረድን። ጋሽ ፍስሐ መንገዱን ሳይሆን እግሬን እያየ ወረደ። በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ። ወንዙን ስንሻገር ጺሙን አሸት አድርጎ "መንዳት ትችላለህ ለካ" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዋርካው ሥር እንደ ወትሮው ተቀበሉን። እዚያ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል። ቤት ምንም ባይኖር፣ የሚቀመስ ባይገኝ፣ እግር መታጠቡ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው እጄን ይዘው ወደ ጎጆው አስገቡኝ፤ አንዲት ልጃገረድ ጫማዬን አውልቃ ከቅል ውኃ እያንቆረቆረች ታጥበኝ ጀመር። ጋሽ ፍስሐ "እኔ እግሬ ይሸታል፣ ይቅርባችሁ" ብሎ ከመኪናዋ ጋር ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ከውጪ "ጭስስስ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አስከትሎ የጋሽ ፍስሐ ጩኸት። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

የፊተኛው ቀኝ ጎማ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከአጠገቡ የሰፈሩ ሴቶች ትልቅ እትዬ ከድጃ ቅል ይዘው ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ብቻ ያልከሳ ሴት። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች እንስራ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጋሽ ፍስሐ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ "ጉድ! ጉድ! የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ!" ይላል። "ታምቡር ቢሆን ብረቱ ሽፍን ነው፤ ይሄ እኮ ገላጣ ነው! ለካ እዚህ ነው የሚጎብጠው!"

ሁልጊዜ ከጎጆው ስወጣ ጎማዎቹ ታጥበው አያለሁ፤ አቧራ ያራገፉልኝ እየመሰለኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ እነሣለሁ። ታምቡር ለለመደ ሰው ይህ ምን ነገር አለው?

"ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋን?" አሉ እትዬ ከድጃ። "ያንተን እግር አጥበን የሷን እንዴት እንተው? ተሸክማ የመጣችው እሷ። እግሯ ሲጨስ እያየን ዝም እንበል? ኧረ በአላህ!"

ይሄኔ ነው እንስራዎቹን ልብ ብዬ ያየኋቸው። ወንዙ ደረቅ ነው። ምንጩ ከተራራው ጀርባ፣ ጠዋት ሄደው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሚመለሱበት ነው። ልጆቻቸው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ያንን ውኃ ነው ለመኪና እግር የሚያፈሱት። ጋሽ ፍስሐ ሌላ ሊናገር አፉን ሲከፍት ክንዱን ጨበጥኩት።

"ምንም አላጠፉ እትዬ" አልኳቸው። "እሷ ግን አመሏ እንደ በቅሎ ነው። በቅሎ ከሩቅ መንገድ በላብ ስትመጣ ወዲያው ውኃ ይሰጧታል?"

"ውይ! ያጣድፋታላ! ላቧ ሳይደርቅ ማን ይሰጣታል?"

"እንግዲያው የሷም ላቧ እስኪደርቅ ነው።"

እትዬ ከድጃ ቅሉን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን በመዳፋቸው መቱ። "አፈር ልብላ! እስከዛሬ ስናሳምማት ኖረን እኮ!" አሉና ወደ ጎማው ጎንበስ ብለው "አፉ በይን እናቴ" አሏት። ጋሽ ፍስሐ፣ ያ ሰው ካልሰደበ የማይሠራ ሰው፣ ፊቱን አዙሮ ሲጋራ መፈለግ ጀመረ። አፉ ላይ ሲጋራ ነበረ።

ጎማውን ፈቶ ዲስኩን ዳበሰው። የቀኙ ጎብጧል፤ የግራው ውኃ ሳይነካው ደርሰናል። "ባዶዋን ዳገቱን ትወጣለች። ዘሩን ጭና መውረድ ግን አትችልም" አለ ለሽማግሌዎቹ። "ብትሞክር ፍሬኑ መንገድ ላይ ይከዳል።" ዘሩ ከላይ፣ እነሱ ከታች፣ ደመናው በመካከል።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ ከድጃ ናቸው። "እኛ ነን ያሳመምናት። ፍሬኗንም እኛ እንሆናታለን።"

የቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በማግስቱ መካነ ሰላም ላይ ዘሩን ስንጭን የዚያ ሰፈር ወንዶች ሌሊቱን ሲወጡ አድረው መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አጥንታቸው ከጋቢው ሥር ይቆጠራል። ጋሽ ፍስሐ አሰለፋቸው፤ ከግራና ከቀኝ፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ አቅፈው ከጎማው ጎን ይሄዳሉ። እኔ በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ እወርዳለሁ። ጠመዝማዛው ላይ መኪናዋ መፍጠን ስትጀምር ጋሽ ፍስሐ "ጣል!" ይላል፤ ድንጋዩ ከጎማው ፊት ይገባል፤ ትቆማለች። ትንፋሽ ሰብስበው ድንጋዩን ያነሣሉ፤ እንደገና። ያንን ቁልቁለት ፍሬን ሳልረግጥ ወረድኩት። አንዱ ደክሞት ሲቀመጥ ሌላው ድንጋዩን ይቀበለዋል። ክርስቲያኑ "በስመ አብ"፣ እስላሙ "ቢስሚላህ"፣ ጋሽ ፍስሐ ደግሞ በጣሊያንኛ ስድብ።

ወንዙን ስንሻገር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስተዋቱ ላይ ወደቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘሩ ወርዶ ሲያልቅ እትዬ ከድጃ ቅላቸውን ይዘው መጡና ከጎማው አጠገብ ተቀመጡ። ዝናቡ በነጠላቸው ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን አይነሡም። በየመካከሉ ጣታቸውን ቸርኬው ላይ ጣል እያደረጉ "ገና ነች" ይላሉ። በመጨረሻ "ላቧ ደረቀ" አሉና፣ ቀስ አድርገው አጠቧት። ዝናቡ እያጠባት!

ክረምቱ ሲወጣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ቆመ። መኪናዋንም መንግሥት ከሐጂ ወሰዳት። እኔ ኅዳር ላይ በእግሬ ወረድኩ። ማሽላው ከራሴ በላይ ቆሟል። እትዬ ከድጃ እሸት ጠብሰው፣ ጥንቅሽ ሰብረው፣ መጀመሪያ ግን እግሬን አጥበው ተቀበሉኝ። "እሷስ?" አሉኝ። "ደህና ናት?"

ደህና ናት አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ የምስክር ወረቀትም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ከጥሙ ላይ ቀንሶ ያመሰገነኝ ግን የዚያ ሰፈር ሰው ብቻ ነው። በሕይወቴ ስለ ሰው ክፋት በተነሣ ቁጥር እኔ አፌ አይፈታም፤ ያ እንፋሎት ይታየኛል።

"አባዬ፣ እስከ መቼ ነው የምንቆመው?" አለች ሰብለ ከስልኳ ቀና ብላ። ጣቴን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቅዟል።

"አሁን ይሆናል" አልኩ። አጣቢው ቱቦውን ሊያነሣ ሲል ግን እጄን ዘረጋሁና ከባልዲው አጠገብ ያለውን ጆግ ለመንኩት። ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ ቀጭ አለ። ከፊተኛው ቀኝ ጀመርኩ።