ጢሱ ደረቴ ውስጥ ቀረ

በሽታው በሳል አልጀመረም። አማቴ እማማ አስካለ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳለ «ጋቢ አምጪልኝ» አሉኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ድንጋይ ታሞቅ ነበር። ጋቢ ደረብኩላቸው። ጥርሳቸው መንገጫገጩን አልተወም። ግንባራቸውን ስነካ አቃጠለኝ። ያን ሰሞን ኢንፍሉዌንዛ ፒያሳን አስተኝቶ፣ ፊት ለፊታችን ካሉት የወርቅ ሠሪ ሱቆች ግማሾቹ ተዘግተው ነበር። ምን እንደያዛቸው ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም።

ባለቤቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ስለሆነ እናቱን ለማስታመም የቀረነው እኔና እህቱ ጸዳለ ነበርን። ጸዳለ ቤቷ ሥላሴ አጠገብ ነው፤ በእግር ይደረሳል። መጣች። ከበሩ ግን አላለፈችም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ቆመች።

«እማዬ እንዴት አደረች?»

«ገብተሽ አትጠይቂያቸውም?»

«ልጆች አሉኝ እኮ! አንቺማ ብርቱ ነሽ፤ ጉንፋን እንኳ ይፈራሻል።» ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን አቆመችና «ብቻ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ከራስሽ አልወርድም። ለወንድሜም የምነግረው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፍርሃት ነበረብኝ። እማማ እንዳይሞቱ። ከሞቱም ገዳያቸው እኔ እንዳልባል።

ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ውሃ አይውጡም። ይቃዣሉ። ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ጆሮዬን አፋቸው ላይ አደርጋለሁ። ይመለሳል። እንደገና ዝም።

ሐኪም አስጠራሁ። ደረታቸውን አዳምጦ «ኒሞኒያ ሆኗል» አለ። ፔኒሲሊን ወጋቸው። «መስኮቱን ይክፈቱ፤ ንጹሕ አየር ያስፈልጋቸዋል» ብሎኝ ሄደ።

እሱ ከመውጣቱ እማማ ዐይናቸውን ገለጡ። በልጅነታቸው ከዚያ ከሕዳር በሽታ የተረፉ ሰው ናቸው። ሰዉ በየዓመቱ ሕዳር ሚካኤል ቆሻሻ እያነደደ ከተማውን የሚያጥነው ያን መቅሠፍት ለማባረር መሆኑን የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም።

«መስኮቱን ዝጊ» አሉኝ። «ቤቱ ካልታጠነ በሽታው አይወጣም።»

ጸዳለ ይህን ስትሰማ በማግስቱ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቡትቶ በጆንያ አምጥታ ከበሩ ወረወረችልኝ። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት።

«የምን ሐኪም? አጥኚ ተብለሻል፣ አጥኚ! እምቢ ብለሽ እናቴ ብትሞት…»

መጨረስ አላስፈለጋትም። መስኮቱን ዘጋሁ። በቆርቆሮ ውስጥ ለኮስኩ። እማማን በጋቢ ሸፍኜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እኔ መሸፈን አልቻልኩም፤ እሳቱን የሚያራግብ ሰው ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ትኩሳቱ እኔንም ይዞኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን?

እማማ ዳኑ። ዘመድ ሁሉ ድፎ ዳቦ ይዞ፣ አልጋቸውን ከቦ «እንኳን እግዜር ማረዎት» አለ። ጸዳለ ያን ጊዜ ገባች። «እኔ ነኝ ያሳጠንኳት» እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራ ነበር። እኔ ወንበር አቀብል ነበር።

ሐኪሙ እማማን ሊያይ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ወንበር ይዤለት ገባሁ። አስቀምጬው ግድግዳ ተደገፍኩ። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«እሳቸውስ ደህና ናቸው። እርስዎን ማን እያስታመመ ነው?»

ደረቴን አዳመጠ። «ብሮንካይትስ ነው። ሳንባዎ ተጎድቷል። ከጢስ ይራቁ። ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል» አለኝ።

ከዚያ ያለው ቀስ ያለ ነገር ነው፤ እስከ ጊዮርጊስ ያለችውን ዳገት መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ እያረፍኩ፣ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አረፍ እያልኩ መውጣት ቻልኩ፣ እህልም መጣፈጥ ጀመረ፣ ልብስም ቁጭ ብዬ ማጠብ ለመድኩ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ኬክ ቤት ውስጥ የማላውቀው ሰው ቢያስል እጄ ግንባሩን ለመንካት ይቃጣዋል። እማማ በሰላም ተኝተው ሳለ እየተነሳሁ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አደርግ ነበር።

ሕዳር ሚካኤል ደረሰ። ጸዳለ ልጆቿን ይዛ መጥታ ግቢው መሃል ቆሻሻ ከምራ ለኮሰች። ወደ ቤት ገብቼ ዘጋሁ። ጢሱ በበሩ ሥር ተከተለኝ። አየር አጣሁ። ግድግዳ ይዤ ወጣሁ።

«ኧረ ተይ፣ አታስመስዪ!» አለች ጸዳለ። «እናቴን ያዳነ ጢስ አንቺን ሊገድል ነው?»

እማማ ግቢው ውስጥ ከተቀመጡበት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አፌን ዐዩ። ደረቴን ዐዩ።

«ጸዳለ፣ ውሃ አምጪ።»

«እማዬ! ሕዳር ሚካኤል እኮ ነው!»

«ሚካኤል ያውቃል። እኔ ስታመም አንቺ ደጅ ነበርሽ። እሷ ውስጥ ነበረች። አምጪ አልኩሽ!»

ባልዲ አመጣችና ደፋችበት። እሳቱ ሲጠፋ ጢሱ ወደ እሷ ዞረ፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቀለለች። ይህንንስ ታውቅበታለች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በግቢያችን እሳት አልነደደም። እማማ ብዙ ዘመን ኖረው፣ መስኮታቸው ተከፍቶ ዐረፉ። እኔ ዛሬም ከተማው በሚታጠንበት ቀን ቤቴን ዘግቼ፣ እርጥብ ጨርቅ በሩ ሥር ወትፌ፣ እስኪመሽ እየፈራሁ እቀመጣለሁ።

ሽማግሌ የምታስታምሙ ሰዎች፣ ሲያማችሁ ዝም አትበሉ። ብርቱ ነሽ የሚላችሁን አትመኑ። የታመመ ልትጠይቁ የምትሄዱም ግቡ፤ ገብታችሁም ወንበር የምታቀብለዋን አስቀምጧት።

ያን ሐኪም ስለ ጥያቄው አመሰግነዋለሁ። እማማን ስለ ቃላቸው። ጸዳለንም ስለዚያች ባልዲ ውሃ። ሌላ ምስጋና ለሷ የለኝም።